ሉባባና የሙሄ መኪና ቺንጋ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት በረት የለውም፤ ያለው ጋራዥ ነው። «የመኪና ጋራዥ» በሉኝና ልጀምር።

ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል በስተቀኝ፣ ሰማያዊ በር ያለው ጋራዥ አለ። ባለቤቷ ሉባባ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት መካኒክ ናት። ሞተር ስታዳምጥ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ የሚያውቋት ሹፌሮችም እሷ ዓይኗን እስክትገልጥ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

አንድ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አያ ሙሄ ሚኒባሱን እየነዳ ገባ። ሙሄ ከደሴ ወደ ወይን አምባ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ወይን አምባ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መንገዷ ድንጋይና ገደል ስለሆነ ከሙሄ በቀር የሚወጣው ሹፌር የለም።

«ሉባባ፣ ይቺ መኪና ማንሾካሾክ ጀምራለች» አላት።

ሉባባ ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ገለጠች። «ያጥፉት! አያ ሙሄ፣ አሁኑኑ ያጥፉት!»

የሞተሩን ሽፋን ፈትታ አየች። የታይሚንግ ቺንጋው ጠርዙ ተበልቷል፤ ጥርሶቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ ወጥሮ የሚይዘው መንኮራኩርም ደርቆ ይንቋቋል። ይህ ቺንጋ የሞተሩን ላይኛና ታችኛ ክፍል በአንድ ምት የሚያስኬድ ነው። እሱ ከተበጠሰ ሁለቱ ይጋጫሉ።

«አሥር ኪሎ ሜትር ቢጨምሩ ኖሮ ሞተሩ አልቆለት ነበር» አለችው። «ይህን ቺንጋ ማን ገጠመልዎት?»

«ባለፈው ወር መንገድ ላይ ስቆም አንድ ሰው ያገኘውን አስሮልኝ ነበር።»

«አርጅቶ አይደለም የተበላው። ቀድሞም የዚህ ሞተር አልነበረም።»

ሙሄ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ነገ ከቀትር በፊት ከወይን አምባ አሥራ አንድ ልጃገረዶች አምጥቶ እዚሁ ደሴ ያለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማስገባት አለበት። እዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊፈተኑ ነው። ከዚያች ከተማ ሴት ልጅ ለዚህ ፈተና ስትቀርብ እነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። አንዷ መዲና የምትባለው የሙሄ ልጅ ናት።

«ዛሬ ሳይመሽ መውጣት አለብኝ» አለ ሙሄ። «እናቶቻቸው ስንቅ ቋጥረው ጨርሰዋል። ምንድን ነው የሚያስፈልግሽ? ንገሪኝ።»

«አንድ ቺንጋ፤ ልኩ የሆነ አንድ ቺንጋ ብቻ። ቺንጋው ካልተገኘ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ ልጆቹ አይፈተኑም። ይነሱ፣ እንሂድ!»

ሄዱ። የመኪና መለዋወጫ ሻጩ አቶ ጌጡ ሱቅ ደረሱ።

አቶ ጌጡ ሠላሳ ዓመት መለዋወጫ የሸጠ ሰው ነው። የሉባባን ጥያቄ ሰምቶ ጢሙን ዳሰሰ። «ዋናው ፋብሪካ የሠራው የለኝም፤ ከአዲስ አበባ ታዝዞ እስኪመጣ ሳምንት ያልፋል። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ደህና ምትክ ግን አለኝ፤ ቺንጋው፣ መወጠሪያው፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሁሉም ባንድ ካርቶን።» ይህን ብሎ ሁለት ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ለምን ሁለት ሆነ?» አለ ሙሄ።

«መንታ ስለሆኑ። አንዱ ቀደም ብሎ ለተሠራው ሞተር ነው፣ አንዱ ዘግይቶ ለተሠራው። የጥርሳቸው ልዩነት የፀጉር ያህል ነው። ያልሆነውን ብትገጥሙ አንድ ወር ይሄድላችኋል፤ ከዚያ ዳገት መሐል ጥርስ ይዘላል። የሞተሩን ቁጥር አምጡና ልስጣችሁ።»

«ጋሼ ጌጡ፣ ቁጥሩን ዝገት በልቶታል» አለች ሉባባ።

«እንግዲያስ አልሸጥም።»

ሙሄ ተቆጣ። «አንዱን ስጠን እንጂ! ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ!»

«ኃላፊነቱን ውሰድ፤ ስሙ ግን የኔ ነው» አለ አቶ ጌጡ። «ከዚህ ባንኮኒ ያልሆነ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም፤ ለናንተም ብዬ አላወጣም።»

ሙሄ ጥርሱን ነከሰ። ሉባባ ግን አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። እሷም ብትሆን አልሰጥም ትል ነበር። ወደ ሙሄ ዞር አለች። «ይህን ሞተር ከመኪናዎ ላይ ያሰረው ማን ነበር?»

«የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት አያ እንድሪስ ነው ያሰረልኝ።»

«አያ እንድሪስ የሠራውን ሁሉ ይጽፋል ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዲህ ቁጥሩ ካልታወቀ ቺንጋው አይሸጥም፤ ቺንጋው ካልተሸጠ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ ልጆቹ አይፈተኑም። ይነሱ፣ እንሂድ!»

ሄዱ። አያ እንድሪስ ቤት ደረሱ።

አያ እንድሪስ በጉብዝናው ጊዜ የደሴን መኪና ሁሉ የፈታ መካኒክ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ነገሩን ሲሰማ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር አስመጣ። «ያላችሁት ቁጥር እዚህ ውስጥ አለ» አለ፤ ደብተሩን እንደ ልጅ ጭንቅላት እየደባበሰ።

ሉባባ ገለጠችው። ሩቡ አማርኛ ነው፣ ሩቡ ዓረብኛ ነው፣ ግማሹ እሱ ራሱ የፈጠረው ምልክት ነው። አንድ መስመር እንኳ አልገባትም።

«ያንን እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን የምናነበው» አለ አያ እንድሪስ። «እኔም ያለ መነፅር አልችልም። መነፅሬ አፍንጫው ላይ ተሰብሮ ሰዓት ሠሪው ዘውገ ዘንድ ነው።»

«አያ፣ ትዝ የሚልዎትን ያህል ይንገሩን» አለ ሙሄ። «በግምትም ቢሆን።»

ሽማግሌው ቀና አለ። «በግምት? አርባ ዓመት ሞተር ፈትቼ ስገጥም አንዲት ብሎን ተርፋኝ አታውቅም። በግምት የምሠራ ብሆን ኖሮ ቤቴ በብሎን ይሞላ ነበር። መነፅሬን አምጡልኝና የሞተሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያሰርኩበትን ቀን እነግራችኋለሁ።»

ሉባባ እጁን ሳመች። «ልክ ነዎት አያ። መነፅሩ ካልመጣ ደብተሩ አይነበብም፤ ደብተሩ ካልተነበበ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ካልታወቀ ቺንጋው አይሸጥም፤ ቺንጋው ካልተሸጠ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ ልጆቹ አይፈተኑም። ይነሱ አያ ሙሄ፣ እንሂድ!»

ሄዱ። ሰዓት ሠሪው ጋሽ ዘውገ ሱቅ ደረሱ።

ጋሽ ዘውገ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። ሱቁ ውስጥ ጨለማ ነው። የአያ እንድሪስ መነፅር ለሁለት ተከፍሎ ነጭ ጨርቅ ላይ ተኝቷል።

«ብየዳ ነው የሚፈልገው» አለ ጋሽ ዘውገ። «መበየጃዬ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ትናንት ነፋሱ ጣሪያዬ ላይ ያለውን ሽቦ በጠሰው፤ መብራት የለኝም።»

«በሙጫ ያጣብቁት» አለ ሙሄ።

«ሙጫ!» ጋሽ ዘውገ እንደተሰደበ ሰው ተነሳ። «ሙጫ ለፖስታ ነው የኔ ወንድም። እኔ የሠራሁት መነፅር ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ነው የሚኖረው።»

ሉባባ ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ መስተዋት አየች። «እስቲ ያቺን ለአንድ ሰዓት ያውሱን። አያ እንድሪስ በእሷ ያነባሉ።»

«ይቺ ለኔ ዓይን የተለካች ናት። እንድሪስ በዚች ቢያይ ደብተሩ ላይ ጉም እንጂ ቁጥር አይታየውም።»

ነገሩ ደርሶ ከመብራት ላይ ቆመ። ሙሄ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፤ ወደ መሐል ሰማይ እየተጠጋች ነው። ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። «እንዴት ነበር ያልሽው? መብራቱ ካልመጣ መነፅሩ አይበየድም፤ መነፅሩ ካልተበየደ ደብተሩ አይነበብም፤ ደብተሩ ካልተነበበ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ካልታወቀ ቺንጋው አይሸጥም፤ ቺንጋው ካልተሸጠ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ...» እዚህ ላይ ጣቱን ሳያጥፍ ተወው።

«ልጆቹ ይፈተናሉ» አለች ሉባባ። «ኤሌክትሪክ የሚሠራልዎት ማነው ጋሽ ዘውገ?»

«ይኸውልሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያዬን እያየ የቆመው።»

እውነትም ከሱቁ ጎን የሽቦ ጥቅል ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አንድ ወጣት ቆሟል። ሰይፉ ይባላል።

«አንተ ሰይፉ፣ ለምን አትወጣም?» አለችው ሉባባ።

«በምን ልውጣ? መሰላሌን እትዬ ፋጤ ወፍጮ ቤት ለግማሽ ሰዓት ብለው ወሰዱት። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ሙሄ ተስፋ አልቆረጠም። «ጠረጴዛ ላይ ወንበር እንደርድርልህ፤ እኔ እይዝልሃለሁ።»

«አላደርገውም» አለ ሰይፉ። «ሙያውን ያስተማረኝ ሰው እንደዚያ ሲወጣ ነው የወደቀው። ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። እኔ የማይሆን ነገር ላይ ቆሜ ሽቦ አልነካም፤ ፈሪ በሉኝ።»

«ማን ፈሪ አለህ?» አለች ሉባባ። «ሙያህን አክብረህ ነው። ተነስ፣ አንተም ከኛ ጋር ና። መሰላሉ ካልመጣ ሽቦው አይቀጠልም፤ ሽቦው ካልተቀጠለ መብራቱ አይመጣም፤ መብራቱ ካልመጣ መነፅሩ አይበየድም፤ መነፅሩ ካልተበየደ ደብተሩ አይነበብም፤ ደብተሩ ካልተነበበ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ካልታወቀ ቺንጋው አይሸጥም፤ ቺንጋው ካልተሸጠ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ ልጆቹ አይፈተኑም!»

ሰይፉ አፉን ከፍቶ ሰማት። «በአንድ ትንፋሽ ነው ያልሽው?»

«ከጠዋት ጀምሮ ስንለማመደው ነው የዋልነው» አለ ሙሄ። ሦስቱም ሄዱ። ወፍጮ ቤት ደረሱ።

የወፍጮ ቤቱ ደጅ በሰው ተሞልቷል። ማዳበሪያ የሞላ ጤፍ፣ ቅርጫት የሞላ በርበሬ፣ በቁና የተሰፈረ ሽሮ ተደርድሯል። ባለወፍጮዋ እትዬ ፋጤ ሻሻቸው እስከ ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቶ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆመዋል። በእጃቸው የመጥረጊያ እንጨት ይዘዋል። ከናፍጣ ሞተሩ ተነስቶ ጣሪያው ሥር ያለውን ትልቅ መንኮራኩር የሚያዞረው ሰፊ ቺንጋ እየሸሸ ይወጣል፤ እሳቸው በእንጨቱ እየገፉ ይመልሱታል።

«እትዬ ፋጤ፣ መሰላሌን!» ብሎ ጮኸ ሰይፉ ከታች።

«ልጄ፣ ብሰጥህ ደስ ይለኝ ነበር!» ብለው ጮኹ ከላይ። «መሰላሉን ከሰጠሁህ ይህን ቺንጋ ማን ይመልሰዋል? ቺንጋው ከወጣ ወፍጮው ይቆማል፤ ወፍጮው ከቆመ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይበላል? ያን ሁሉ እህል ተቀብዬ ሳልፈጭ አልመልስም። ወፍጮዬ ይስተካከልና ውሰድ!»

ሉባባ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሰማችሁ? ወፍጮው ካልተስተካከለ መሰላሉ አይለቀቅም፤ መሰላሉ ካልተለቀቀ ሽቦው አይቀጠልም፤ ሽቦው ካልተቀጠለ መብራቱ አይመጣም፤ መብራቱ ካልመጣ መነፅሩ አይበየድም፤ መነፅሩ ካልተበየደ ደብተሩ አይነበብም፤ ደብተሩ ካልተነበበ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ካልታወቀ ቺንጋው አይሸጥም፤ ቺንጋው ካልተሸጠ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ ልጆቹ አይፈተኑም።» እጅጌዋን ሰበሰበች። «ከዚህ ወዲያ ግን ወደማንም አልሄድም። ይህ የኔ ሥራ ነው። እትዬ ፋጤ፣ ሞተሩን ያስጠፉና ይውረዱ!»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ወንድ ይጠራ እንጂ፣ እጇን ትቆርጣለች» አለች።

እትዬ ፋጤ ከመሰላሉ እየወረዱ የሉባባን እጅ አዩ። ጥፍሯ ሥር ግራሶ አለ፤ መዳፏ በብሎን መፍቻ የጠነከረ ነው። «ዝም በይ» አሏት ሴትዮዋን። «ይህ የሠራተኛ እጅ ነው። ውጪ ልጄ።»

ሉባባ ወጣች። ሲባጎ ጠይቃ ከላይኛው መንኮራኩር እስከ ታችኛው ወጥራ ያዘች፤ በአንድ ዓይኗም አየች። ሲባጎው የላይኛውን ጠርዝ ነክቶ የታችኛውን በሁለት ጣት ይስታል። ለካ የላይኛው መንኮራኩር መያዣ ብሎኖች ላልተው ቀስ በቀስ ሸሽቷል። ቺንጋው አልተበላሸም፤ የሚሮጥበት መንገድ ነው የጠመመው። መዶሻ አቀበሏትና መያዣውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መታች። ሲባጎውን እንደገና ወጠረች፤ አሁን ሁለቱንም እኩል ነካ። ብሎኖቹን አጠበቀች፤ ወርዳም ከሙሄና ከሰይፉ ጋር ሞተሩን በመሠረቱ ላይ ትንሽ ወደኋላ ገፋችው። ቺንጋውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ልኩን ያህል ብቻ ረገበ።

«ያስነሱት!»

ሞተሩ ተነሳ። ቺንጋው ዞረ፤ አልሸሸም። ሁሉም ሰው አንጋጦ አየ። እትዬ ፋጤ የመጥረጊያ እንጨታቸውን እንደያዙ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ኋላ እንጨቱን ጣሉት። ወንድ ይጠራ ያለችው ሴትዮ ናት መጀመሪያ እልል ያለችው።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? ወፍጮው ተስተካከለና መሰላሉ ተለቀቀ። መሰላሉ ተለቀቀና ሰይፉ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሽቦው ተቀጠለ፣ መብራቱ መጣ። መብራቱ መጣና የጋሽ ዘውገ መበየጃ ጋለ። መነፅሩ ተበየደ፤ ጋሽ ዘውገ በጨርቅ ወልውሎ «ከዕድሜው በላይ ይኖራል በሉት» ብሎ ሰጣቸው። መነፅሩ ደረሰና ደብተሩ ተነበበ። አያ እንድሪስ ጣቱን በምልክቶቹ ላይ እየነዳ ሄዶ ቀጥ አለ። «ይኸውና! ዘግይቶ የተሠራው ነው። ያሰርኩትም ማክሰኞ ቀን ነው፣ ዝናብ ይዘንብ ነበር።» ቁጥሩ ታወቀና ቺንጋው ተሸጠ። አቶ ጌጡ ካርቶኑን ከፍቶ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳከረ፤ ከዚያ በሁለት እጁ ለሉባባ አቀበላት።

«በዚህ ከተማ ለስንቱ መካኒክ ሸጫለሁ» አላት። «አልሸጥም ስል ሰድቦኝ ያልሄደ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። ግጠሚው ልጄ።»

ጋራዡ ውስጥ ሉባባ ቸኮለች እንዳይመስላችሁ። ሙሄ ሰዓቱን ያያል፤ እሷ ምልክቱን ታያለች። የላይኛውን ምልክት ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው አገጣጠመች። አዲሱን መወጠሪያ አሰረች፤ አዲሱን ኩሽኔታ በጣቷ አዙራ አዳመጠች፤ ቺንጋውን ጥርስ በጥርስ አስገባች። ሞተሩን በመፍቻ፣ በእጇ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረችው። ምልክቶቹ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ገጠሙ።

«ያስነሱት።»

ሙሄ ቁልፉን አዞረ። ሉባባ ዓይኗን ጨፈነች። ሙሄ ትንፋሹን ዋጠ።

ማንሾካሾክ የለም፤ መንቋቋት የለም። ሞተሩ እንደጠገበ ድመት ዝም ብሎ ያንኮራፋል።

ዓይኗን ገለጠች። «ይሂዱ፤ ፀሐይ ገና አለች።»

ሙሄ ትከሻዋን ይዞ ግንባሯን ሳማትና መሪው ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሰማያዊው በር ወጣ፤ ዳገቱን ጨርሶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሉባባ ቆማ ሰማችው።

በማግስቱ፣ አርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሉባባ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝታ ስትሠራ ሚኒባሱ ደጇ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። አንዲት ወረደች፤ ሌላዋ ወረደች፤ ሌላዋ ወረደች፤ አሥራ አንድ ሆኑ። ሁሉም ቀሚሳቸው ላይ የመንገዱ አቧራ አለ፤ ሁሉም እጅ ላይ ደብተር አለ።

«ሰዓት አለን» አለ ሙሄ። «ግቢው ከመግባታችን በፊት አንቺን ካላየን አንሄድም ብለውኝ ነው።»

ከመሐላቸው የሙሄ ልጅ መዲና ወደፊት ወጣች። «አባቴ የነገረኝን አላመንኩም ነበር። ሞተሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ? ብቻሽን?»

«ብቻዬን አይደለም» አለች ሉባባ። «ባለወፍጮዋ አሉ፣ ባለመሰላሉ አለ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ባለደብተሩ፣ ባለሱቁ አሉ። ቺንጋውን የገጠምኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እንየው?»

ሉባባ እጇን በጨርቅ ጠርጋ የሚኒባሱን ሞተር ሽፋን ፈታች። አሥራ አንድ ጭንቅላት አንድ ላይ ጎንበስ አለ። እየሠራ ያለውን ሞተር በጣቷ እያሳየች አስረዳቻቸው፤ ላይኛው ታችኛውን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ አንዲት ጥርስ ብትስት ምን እንደሚሆን፣ መንታ የሚመስል ዕቃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ። ከወይን አምባ ድረስ ያመጣቸውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። አንዷ ስለ ጥርሱ ቁጥር ጠየቀች። ሌላዋ የጥያቄውን መልስ ደብተሯ ላይ ጻፈች። መዲና ምንም አልጻፈችም፤ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር።

ኋላ ተሳፈሩ። ሚኒባሱ ቁልቁል ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ፤ አሥራ አንድ እጅ በመስኮቶቹ እየተውለበለበ። ከማዶ ሱቅ አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ሉባባ፣ የማናቸው ልጆች ናቸው?» ብሎ ጮኸ።

ሉባባ መፍቻዋን አነሳች፤ አንገቷንም ቀና አደረገች። «ተፈታኞች ናቸው» አለችው። «እኔ ባደስኩት መኪና ነው የመጡት።»

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ፤ መኪናው ግን አልቆመም።